የዳታቤዝና የስክሪፕት ቋንቋ ምርጫ ለድረ ገጽ ሥራ

የዳታቤዝና የስክሪፕት ቋንቋ ምርጫ መረጃ የሚቀበል ወይም ይዘቱ የሚለዋወጥ ድረ ገጽ ከመሠራቱ በፊት የሚወሰን ጉዳይ ነው። ዳታቤዝ ወይም የመረጃ ቋት ስም፣ ቀን፣ ዋጋና ጽሑፍ በሥርዓት የሚቀመጥበት ሶፍትዌር ነው። የስክሪፕት ቋንቋ ደግሞ ከዳታቤዙ መረጃ አውጥቶ ገጹን የሚያዘጋጀው፣ ተጠቃሚው የሞላውንም ቅጽ ተቀብሎ ወደ ዳታቤዙ የሚያስገባው ፕሮግራም የሚጻፍበት ቋንቋ ነው። ከዳታቤዞች መካከል ማይኤስኪውኤል፣ ማሪያዲቢ፣ ፖስትግሬስኪውኤል፣ ኤስኪውላይትና ሞንጎዲቢ፣ ከቋንቋዎቹ ደግሞ ፒኤችፒ፣ ፓይተንና ጃቫስክሪፕት በሰፊው ይታወቃሉ።

ስለ ምርጫው ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የፍጥነት ጥያቄ ነው። ለአንድ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ ወይም የእንግዳ ማረፊያ ግን ፍጥነት እምብዛም ልዩነት አያመጣም፤ ጥቂት ሺህ ረድፍ ያለውን ሠንጠረዥ ማንኛውም ዳታቤዝ በቅጽበት ያነበዋል። በኢትዮጵያ ለሚሠራ ድረ ገጽ የሚከብዱት ሌሎች ጥያቄዎች ናቸው፦ የገባው ስም ሳይበላሽ ይመለሳል ወይ? ቀኑ በትክክል ይቆጠራል ወይ? መብራት በድንገት ሲጠፋ መረጃው ይተርፋል ወይ? ሠሪው ሥራ ሲለቅ ሌላ ሰው ሊጠግነው ይችላል ወይ? ይህ ጽሑፍ ምርጫውን በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ሁኔታ ያስረዳል።

ከተሞቹ

ሰበታ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በምዕራብ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ተራራ ወዲያ በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። ሰበታ ብዙ ፋብሪካዎች ያሉባት ስትሆን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመርም ከዚያ ይነሣል። በቡራዩ የገፈርሳ የውኃ ግድብ አለ። ሱሉልታ በከፍታዋ ምክንያት ሯጮች የሚሠለጥኑባት ቦታ ሆናለች። ሦስቱም በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ሲሆኑ፣ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር ሸገር ከተማ በሚባለው አዲስ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል።

ለድረ ገጽ ሠሪ ትልቁ ነገር በእነዚህ ከተሞች ሁለት ጽሕፈት ጎን ለጎን መኖሩ ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በላቲን ፊደል ላይ በተመሠረተው በቁቤ ይጻፋል፤ አማርኛ ደግሞ በግዕዝ ፊደል። የአንድ ተማሪ ስም በልደት ካርዱ ላይ በአንዱ፣ በመመዝገቢያ ቅጹ ላይ በሌላው ተጽፎ ሊመጣ ይችላል። የከተማው ስም ራሱ እንዲሁ ነው። ሰበታ በግዕዝ ፊደል አንድ አጻጻፍ አላት፤ በቁቤ ስትጻፍ መካከለኛዋ ተነባቢ ትጠብቃለች፣ የመጨረሻዋም አናባቢ ትረዝማለች፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ ሌላ አጻጻፍ ትይዛለች። አድራሻ በነጻ ጽሑፍ የሚሞላበት ድረ ገጽ «ከሰበታ ስንት ተማሪ አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ አንዷን ከተማ ሦስት አድርጎ ይቆጥራል።

መፍትሔው የዳታቤዝ ትምህርት መጀመሪያ ላይ የሚገኝ ነው። የቦታ ስሞች በራሳቸው ሠንጠረዥ ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ ቦታ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የአማርኛው፣ የቁቤውና የእንግሊዝኛው ስም በየዓምዱ ይጻፋል። የተማሪው መዝገብ የሚይዘው ቁጥሩን ብቻ ነው። ከተሞቹ ወደ ሸገር ሲጠቃለሉ እንደተከሰተው ያለ የአስተዳደር ለውጥ ሲመጣም የሚታረሙት ጥቂት ረድፎች ይሆናሉ፤ አለዚያ እያንዳንዱን የተማሪ መዝገብ መነካካት ይጠይቃል።

ሁለቱ ክፍሎች እንዴት ይሠራሉ

አንዲት እናት በቡራዩ በስልኳ የልጇን ውጤት ለማየት የትምህርት ቤቱን ገጽ ከፈተች እንበል። ስልኳ ወደ ሰርቨሩ ጥያቄ ይልካል። በሰርቨሩ ላይ ያለው ስክሪፕት ማንነቷን አረጋግጦ በኤስኪውኤል ቋንቋ ዳታቤዙን ይጠይቃል፤ የመጡለትን ረድፎች በገጹ ቅርጽ አሰናድቶ ይመልስላታል። ገጹ አስቀድሞ ተጽፎ የተቀመጠ ሳይሆን በጠየቀች ቅጽበት የተሠራ ነው።

መረጃን በሠንጠረዥ የማስቀመጥ ሐሳብ በኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 የቀረበ ሲሆን ኤስኪውኤልም በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ተከተለ። ፓይተን በጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ1991 ወጣ። እ.ኤ.አ. 1995 ፍሬያማ ዓመት ነበር፤ የራስመስ ሌርዶርፍ ፒኤችፒ፣ የብሬንዳን አይክ ጃቫስክሪፕትና ማይኤስኪውኤል ሁሉም በዚያ ዓመት ታዩ። ጃቫስክሪፕት መጀመሪያ በማሰሻ ውስጥ ብቻ ይሠራ ነበር፤ በሰርቨር ላይ በስፋት የገባው ኖድ ጄኤስ እ.ኤ.አ. በ2009 ከተሠራ በኋላ ነው። ማይኤስኪውኤል በኦራክል ኩባንያ እጅ ሊገባ ሲል ከመሥራቾቹ አንዱ ሚካኤል ዊዴኒየስ ማሪያዲቢ የተባለውን ቅርንጫፍ አወጣ። ውክፔዲያ ራሱ በፒኤችፒ በተጻፈው ሚዲያዊኪና በማሪያዲቢ ላይ ይሠራል።

የግዕዝ ፊደል በዳታቤዝ ውስጥ

የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0 እትም ነው። ዛሬ በድረ ገጽ ላይ በተለመደው በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ የቁቤ ፊደል 1 ባይት ብቻ። ስለዚህ «ሰበታ» ለአንባቢ 3 ፊደል፣ ለኮምፒውተሩ 9 ባይት ነው። «ሱሉልታ» 4 ፊደልና 12 ባይት። ብዙዎቹ ብልሽቶች የሚመነጩት ከዚህች ልዩነት ነው።

የታወቀው ብልሽት ስም አስገብቶ «????» መቀበል ነው። ማይኤስኪውኤል እስከ 8.0 እትሙ (እ.ኤ.አ. 2018) ድረስ ሌላ ካልታዘዘ ጽሑፍን የሚያስቀምጠው ለምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች በተዘጋጀው በላቲን-1 ነበር፤ ማሪያዲቢ በዚሁ ልማድ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ቆይቷል። በላቲን-1 ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለም። ጥብቅ ያልሆነ ቅንብር ያለው ዳታቤዝ የማያውቀውን ፊደል በጥያቄ ምልክት ተክቶ ዝም ይላል። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ብልሽት መለየት ይገባል። ገጹ ላይ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች የተቀላቀሉበት ትርጉም የለሽ ጽሑፍ ከታየ ባይቶቹ አብዛኛውን ጊዜ በቦታቸው አሉ፤ የተሳሳተው አነባበቡ ስለሆነ ሊመለስ ይችላል። የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን የመጀመሪያው ፊደል ከዳታቤዙ ጠፍቷል። የሺህ ተማሪዎች ስም በዚህ መንገድ ከገባ ያለው አማራጭ ከወረቀት ቅጹ እንደገና መተየብ ነው፤ ወረቀቱ ከተጣለ ደግሞ እሱም የለም።

በማይኤስኪውኤልና በማሪያዲቢ ዩቲኤፍ-8 በሦስት ቦታ መታዘዝ አለበት፦ በሠንጠረዡ፣ ስክሪፕቱ ከዳታቤዙ ጋር በሚያደርገው ግንኙነትና በገጹ ራሱ። ከሦስቱ ብዙ ጊዜ የሚረሳው መካከለኛው ነው። በእነዚህ ዳታቤዞች «ዩቲኤፍ8» የሚባለው የቆየ ምርጫ እስከ 3 ባይት ብቻ ስለሚይዝ ለአማርኛ የሚበቃ ይመስላል፤ ነገር ግን ለጉራጌ ቋንቋዎች ጽሕፈት እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኒኮድ 14 የተጨመሩት ፊደላት 4 ባይት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሊመረጥ የሚገባው «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» የተባለው ነው። ፖስትግሬስኪውኤልና ኤስኪውላይት ይህ ወጥመድ የለባቸውም። በማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ዓምዱ «ኤንቫርቻር» መሆን አለበት፤ በጥያቄው ውስጥ በቀጥታ የሚጻፍ ጽሑፍም ከፊቱ ኤን የተባለችው የላቲን ፊደል ካልተቀመጠች እዚያም የጥያቄ ምልክቱ ይመጣል። በኦራክል ዳታቤዝ ደግሞ የዓምድ ርዝመት ሌላ ካልታዘዘ በባይት ስለሚለካ 20 ተብሎ የተፈጠረ ዓምድ 6 የግዕዝ ፊደል ብቻ ይይዛል። «ወልደ ጊዮርጊስ» አይገባበትም።

ከቋንቋዎቹ በዚህ ረገድ የሚያስቸግረው ፒኤችፒ ነው። የጽሑፍ ርዝመት የሚለካው ተራ ትእዛዙ ባይት ስለሚቆጥር ለ«ሰበታ» 9 ይላል። የዜናን መግቢያ ለማሳጠር ጽሑፍ የሚቆርጠው ትእዛዝም ፊደልን ከመሐሉ ይቆርጣል፤ በአማርኛ ገጾች የአንቀጽ መጨረሻ ላይ የሚታየው ጥቁር አራት ማዕዘን ምልክት አንዱ ምንጩ ይህ ነው። ለዚህ ተብለው የተሠሩ፣ ስማቸው በ«ኤምቢ» የሚጀምር ትእዛዞች አሉ፤ ሁልጊዜ እነሱን መጠቀም ነው። ፓይተን ከ3ኛው እትሙ (እ.ኤ.አ. 2008) ወዲህ ፊደልን እንደ ፊደል ይቆጥራል። ጃቫስክሪፕትም ከላይ ከተጠቀሱት ባለ 4 ባይት ፊደላት በስተቀር ለግዕዝ ትክክለኛውን ቁጥር ይሰጣል።

አንድ ደስ የሚል ነገር፦ በዩኒኮድ የግዕዝ ፊደል የተደረደረው በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተራ በመሆኑ ምንም ልዩ ቅንብር የሌለው ዳታቤዝ እንኳ የአማርኛ ስሞችን ከሞላ ጎደል በተለመደው ተራ ይደረድራል።

ፍለጋ

በሰበታ መርሐ ዕውራን የተባለ የታወቀ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ። ስሙ በዳታቤዝ ውስጥ እንዲህ ተጽፎ ሳለ ፈላጊው «መርሃ እውራን» ብሎ ቢጽፍ የትኛውም ዳታቤዝ አያገኝለትም። ለአማርኛ ተናጋሪ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን እንደ ለ እና መ የተለያዩ ናቸው። ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣም እንዲሁ። ማይኤስኪውኤልም ሆነ ፖስትግሬስኪውኤል እነዚህን የሚያስተካክል የተዘጋጀ ቅንብር ይዘው አይመጡም።

የሚሠራው ዘዴ ቀላል ነው። ከስሙ ዓምድ ጎን ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ዓምድ ይፈጠራል። ስክሪፕቱ ስሙን ሲያስገባ በሁለተኛው ዓምድ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ለውጦ ይጽፋል፤ ፈላጊው የሚተይበውንም በዚሁ ደንብ ለውጦ ያነጻጽራል። የመጀመሪያው ዓምድ አይነካም፤ ሰው ስሙን «ሣህለ» ብሎ ከጻፈ በሰነዱ ላይ «ሣህለ» መሆን አለበት። ስክሪፕቱ በየትኛውም ቋንቋ ከሃያ መስመር አይበልጥም።

ሁለተኛው ችግር ከቃላት ቅርጽ ይመጣል። በቁቤ ለአንድ ቃል ቅጥያ ሲጨመር አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ፊደላት አይለወጡም፤ «ላይክ» በተባለው የኤስኪውኤል ትእዛዝ በቃሉ መነሻ መፈለግ ይቻላል። በአማርኛ ግን «ቤት» «ቤቱ» ሲሆን ት ወደ ቱ ይለወጣል፤ «ቤቶች» ሲሆን ወደ ቶ። «ቤት» ተብሎ ሲፈለግ «ቤቱ» አይመጣም። አንዱ መላ የፍለጋ ዓምዱን እያንዳንዱ ፊደል ወደ ተነባቢውና አናባቢው ተከፍሎ እንዲጻፍ ማድረግ ነው። ዳንኤል ያዕቆብ የግዕዝ ፊደልን በዩኒኮድና በፕሮግራም ቋንቋዎች ለማስገባት ከሠሩት አንዱ ሲሆን፣ ለፐርል ቋንቋ ባዘጋጀው መሣሪያ ፊደልን በቤቱና በድምፁ መፈለግ እንዲቻል አድርጓል።

ሦስተኛው ችግር ብዙ ሠሪዎችን ግራ ያጋባል፤ ምክንያቱ ከፕሮግራሙ ውስጥ ስለማይታይ። የማይኤስኪውኤል የሙሉ ጽሑፍ ፍለጋ በተለመደው ቅንብሩ ከ3 ፊደል ያነሰ ቃል አይመዘግብም። ደንቡ የተበጀው እንደ እንግሊዝኛ ላሉ ቋንቋዎች ነው፤ በእነሱ ባለ ሁለት ፊደል ቃል አብዛኛውን ጊዜ ጥቅም የለውም። በአማርኛ ግን ቤት፣ ቡና፣ ጤፍ፣ ውኃ፣ ዳቦ፣ በግ ሁሉም ባለ ሁለት ፊደል ናቸው። እህል የሚሸጥበት ድረ ገጽ ጤፍን አላውቅም ይላል ማለት ነው። ቅንብሩን ወደ 2 ዝቅ አድርጎ ማውጫውን እንደገና መሥራት ያስፈልጋል።

የቁቤ ነጠላ ጭረትና የድረ ገጽ ደኅንነት

በቁቤ ሁዻ የሚባል ነጠላ ጭረት አለ፤ በቃል መካከል ድምፅን ቆም ያደርጋል። ፍየል በአፋን ኦሮሞ ሲጻፍ ይህ ምልክት ይገባበታል፤ ብዙ ተራ ቃላትና የሰው ስሞችም አሉበት። በኤስኪውኤል ደግሞ ያው ነጠላ ጭረት ጽሑፍ እዚህ አለቀ ማለት ነው። ሠሪው ተጠቃሚው የጻፈውን ቃል በጥያቄው ውስጥ በቀጥታ ከቀጠለው፣ ፍየል የሚሸጥ ገበሬ ማስታወቂያውን ሲያስገባ ዳታቤዙ ጽሑፉ ከመሐል ያለቀ መስሎት ስሕተት ይመልሳል።

ይህ ስሕተት ከታየ ነገሩ ከማስታወቂያው በላይ ነው። አንድ ቅን ተጠቃሚ ሳያውቅ ጥያቄውን ማቋረጥ ከቻለ፣ ክፉ ሰው አውቆ አቋርጦ የራሱን ትእዛዝ ሊቀጥልበት ይችላል፤ መዝገቡን በሙሉ ሊያነብ ወይም ሊያጠፋ ይችላል። ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን የሚባለው ጥቃት ይኸው ነው። አንዳንድ ሠሪዎች ነጠላ ጭረትን ከጽሑፉ በመሰረዝ ይከላከላሉ። ይህ የሰውን ስም ማጉደል ነው፤ አስተማማኝም አይደለም። ትክክለኛው መንገድ ጥያቄውና መረጃው ለየብቻ የሚላኩበት የተዘጋጀ ጥያቄ ነው፤ ፒኤችፒ በፒዲኦ፣ ፓይተንና ኖድ ጄኤስ በዳታቤዝ ማገናኛዎቻቸው ይህን ያቀርባሉ። እንደ ጃንጎና ላራቬል ያሉ ማዕቀፎች ሳይጠየቁ ራሳቸው ያደርጉታል፤ ለጀማሪ ማዕቀፍ የሚመከርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በሁለት ጽሕፈት የሚያገለግል ድረ ገጽ ከመከፈቱ በፊት በየቅጹ ሁዻ ያለበት ስም አስገብቶ መሞከር ከባድ ስሕተቶችን በነጻ ያሳያል።

የቀን መቁጠሪያ

ዳታቤዞች ለቀን ያላቸው ዓምድ የሚያውቀው የጎርጎርዮስን ቀን ብቻ ነው። የኢትዮጵያን ቀን እንዳለ በዚህ ዓምድ ለማስገባት መሞከር የተለመደ ስሕተት ነው፤ የሚያሳስተውም አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራ መምሰሉ ነው። ወራት ከመስከረም ጀምሮ ሲቆጠሩ የካቲት 30 ቀን 2017 «2017-06-30» ይሆናል፤ ዳታቤዙ ሰኔ መስሎት ይቀበለዋል። ጥቅምት 30 ግን «2017-02-30» ሲሆን ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው አይቀበለውም፤ በቆየና ጥብቅ ባልሆነ ማይኤስኪውኤል ደግሞ በዜሮ የተሞላ ቀን ያስቀምጣል። ጳጉሜ 13ኛ ወር ስለሆነች ጨርሶ አትገባም። በጳጉሜ የተወለደ ሕፃን የልደት ቀን የለውም ማለት ነው፤ ወይም መዝጋቢው ለማለፍ ብሎ ነሐሴ 30 ብሎ ይጽፍለታል፤ ያ የተሳሳተ ቀን ከልጁ ጋር ይኖራል።

የገባው ቀን እንኳ ሲሰላ ይሳሳታል። ከነሐሴ 30 ቀን 2016 እስከ መስከረም 1 ቀን 2017 6 ቀን አለ። ዳታቤዙ እነዚህን እንደ ዲሴምበር 30 እና ጃንዋሪ 1 ስለሚያያቸው 2 ቀን ይላል። የመኝታ ክፍል በቀን ለሚያከራይ የሱሉልታ ማረፊያ ይህ የአራት ሌሊት ገንዘብ ነው።

ስለዚህ ቀኑ በዳታቤዙ በጎርጎርዮስ ተቀምጦ በገጹ ላይ ብቻ ወደ ኢትዮጵያ መለወጥ አለበት። መስከረም 1 ቀን 2017 በዳታቤዙ ውስጥ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ሆኖ ይኖራል፤ አንባቢው አያየውም። ለመለወጫው ስሌት ከባዶ መጻፍ አያስፈልግም። ጃቫስክሪፕት በማሰሻዎች ውስጥ ባለው «ኢንተል» በተባለው ክፍሉ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቃል፤ የዓመተ ዓለሙን ሳይቀር። ፒኤችፒ «ኢንትል» ከተባለው ተጨማሪ ክፍሉ ያገኘዋል። በፓይተን መደበኛ ስብስብ ውስጥ ስለሌለ ተጨማሪ ጥቅል መጫን ያስፈልጋል። ሰዓትም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ «ጠዋት 2 ሰዓት» ብሎ የቀጠረ ሕመምተኛ በዳታቤዙ 08:00 መሆን አለበት፤ ቅጹም ሰውየው በየትኛው አቆጣጠር እንደሞላ እንዳያሻማ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታና ሌሊት የሚል ምርጫ ያስፈልገዋል።

በትልቅ ደረጃ የሚታይ ምሳሌ የጤና ሚኒስቴር ከጤና ተቋማት ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ2 ነው። ይህ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ነጻ ሶፍትዌር በጃቫ የተጻፈና ፖስትግሬስኪውኤልን የሚጠቀም ሲሆን፣ የኢትዮጵያን ጨምሮ በርካታ የዘመን አቆጣጠሮችን ይደግፋል።

የሰው ስም

ከውጭ የተቀዱ ቅጾች «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃሉ። በኢትዮጵያ የቤተሰብ ስም የለም፤ ሁለተኛው የአባት፣ ሦስተኛው የአያት ስም ነው። በ«ቤተሰብ ስም» የሚደረድር ዝርዝር ሰዎችን በአባታቸው ስም ይደረድራል፤ እናትና ልጅም የተለያየ «ቤተሰብ» ይሆናሉ። ለስም፣ ለአባት ስምና ለአያት ስም ሦስት ዓምድ፣ ካስፈለገም ለቁቤው አጻጻፍ ሌላ ሦስት ማዘጋጀት ከኋላ ጣጣ ያድናል።

መብራት፣ ገንዘብና ኢንተርኔት

ሰርቨሩ በከተማው ውስጥ፣ በክሊኒክ ወይም በፋብሪካ ክፍል ከተቀመጠ ዋናው ጠላቱ የመብራት መቆራረጥ ነው። ማይኤስኪውኤል ሠንጠረዥ የሚያስቀምጥበት የቆየው ማይአይሳም የተባለ ዘዴ በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት ከጠፋ ሠንጠረዡ ሊሰበር ይችላል። ከ5.5 እትም (እ.ኤ.አ. 2010) ወዲህ የተለመደው ኢኖዲቢ ግን ለውጡን አስቀድሞ በመዝገብ ጽፎ ስለሚሠራ ሲነሣ ያልተጠናቀቀውን ይመልሳል፤ የተጠናቀቀውን ያጸናል። ፖስትግሬስኪውኤልም ኤስኪውላይትም በየራሳቸው መንገድ ይህን ያደርጋሉ። አሮጌ ሲስተም የተረከበ ሰው መጀመሪያ ሊያየው የሚገባ ነገር ሠንጠረዦቹ በየትኛው ዘዴ እንደተቀመጡ ነው።

ገንዘብ ሲገባበት ነገሩ ይጠነክራል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር በድረ ገጽ ክፍያ መቀበልን አስፋፍቷል። የክፍያ ሥርዓቶች «ተከፍሏል» የሚለውን መልእክት ለድረ ገጹ ሲልኩ መልስ ካላገኙ ደግመው ሊልኩ ይችላሉ፤ ስክሪፕቱ ሁለቱን ሁለት ክፍያ ብሎ ከመዘገበ ሒሳቡ ይዛባል። የክፍያ ማጣቀሻ ቁጥሩ እንዳይደገም ዳታቤዙ ራሱ እንዲከለክል ማድረግ ይገባል፤ ክፍያውን መመዝገብና የተማሪውን ዕዳ መቀነስም በአንድ ግብይት ውስጥ ታስረው ወይ ሁለቱም እንዲጸኑ ወይ ሁለቱም እንዲሰረዙ መደረግ አለበት። ብርና ሳንቲም በተንሳፋፊ ነጥብ ቁጥር አይቀመጥም፤ በዚያ ስሌት 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ በትክክል 0.3 አይሆኑም። «ዴሲማል» የተባለው ዓምድ ለዚህ ነው የተሠራው።

ሰርቨሩን ውጭ አገር ማከራየት የመብራቱን ችግር ያስወግዳል፤ በምትኩ ሌላ ያመጣል። ኪራዩ በዶላር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በዚያው ክረምት ከ100 ብር አለፈ፤ በዶላር ያልተለወጠ የሰርቨር ኪራይ በብር ወደ እጥፍ ቀረበ ማለት ነው። ከዚያ በፊት በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ መዝገቡ ውጭ አገር ብቻ ያለ ክሊኒክ የራሱን ሕመምተኛ ካርድ ማየት አይችልም። ስለዚህ የዕለት ሥራው የሚንጠለጠልበት መረጃ ግልባጩ በከተማው ውስጥ ቢኖር ይሻላል። የግል መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላም የሰዎችን መዝገብ የሚይዝ ተቋም መረጃው የት እንደሚቀመጥ ማወቅ ይኖርበታል።

ምርጫው

አንዳንዱ ድረ ገጽ ዳታቤዝም ስክሪፕትም አያስፈልገውም። አድራሻ፣ ስልክ፣ ጥቂት ፎቶግራፍና የዋጋ ዝርዝር የያዘ የፋብሪካ ገጽ በተራ ፋይሎች ይበቃዋል፤ የሚሰበር ነገር የለውም፣ በደካማ የስልክ መስመርም ቶሎ ይከፈታል። ይህ አማራጭ ብዙ ጊዜ የሚታለፈው ለሠሪው ትንሽ ሥራ ስለሚመስል ነው።

ዜናና ማስታወቂያ ለሚያወጣ ድርጅት በፒኤችፒ የተሠራው ወርድፕረስ ከማሪያዲቢ ጋር ይስማማል። ርካሽ የጋራ ሰርቨሮች ሁሉ ማለት ይቻላል ፒኤችፒና ማይኤስኪውኤል ወይም ማሪያዲቢ ያቀርባሉ፤ የሚያውቁት ሰዎችም በቀላሉ ይገኛሉ። የፒኤችፒ ጉድለቶች ከላይ ተጠቅሰዋል፤ የታወቁ በመሆናቸው ሊጠነቀቁላቸው ይቻላል።

መዝገብ ለሚይዝ ሥራ፣ ማለትም ለተማሪ፣ ለሕመምተኛ፣ ለክፍያና ለቦታ ማስያዝ፣ ፖስትግሬስኪውኤል የተሻለ መሠረት ነው። የማይሆን ቀን ወይም የማይመጥን ጽሑፍ ሲሰጠው አስተካክሎ ከመዋጥ ይልቅ እምቢ ይላል፤ መዝገብን የሚጠብቀውም ይህ እምቢታ ነው። ከጃንጎ ጋር በፓይተን ሲሠራ ለመዝጋቢዎች የሚሆን የማስተዳደሪያ ገጽ አብሮ ይመጣል። ኖድ ጄኤስ ተመራጭ የሚሆነው ሠሪው ጃቫስክሪፕትን ብቻ ጠንቅቆ ሲያውቅ ወይም ገጹ በየቅጽበቱ የሚለዋወጥ መልእክት ሲይዝ ነው።

ኤስኪውላይት ከሚገባው በታች ይገመታል። በሪቻርድ ሂፕ እ.ኤ.አ. በ2000 የተሠራ ሲሆን ሙሉው ዳታቤዝ አንድ ፋይል ነው፤ የሚጫን ሰርቨር የለውም። በአንድ ጊዜ አንድ ጸሐፊ ብቻ ያስተናግዳል፤ ለአንድ ማረፊያ ወይም ለአንድ መደብር ግን ይህ ብዙ ነው። ሞንጎዲቢ ቅርጹ አስቀድሞ ለማይታወቅ ሰነድ ይሆናል። ተማሪ፣ ክፍል፣ ትምህርትና ውጤት እርስ በርስ የተያያዙ ስለሆኑ ለትምህርት ቤት መዝገብ ሠንጠረዥ ይበልጣል፤ «ዘመናዊ ነው» ተብሎ መመረጡ ብቻ በቂ ምክንያት አይደለም።

ከሁሉም በላይ ግን ጥያቄው ማን ይጠግነዋል የሚለው ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የድረ ገጽ ፕሮግራምን መሠረት ለብዙ ወጣቶች አድርሷል፤ ይሁንና በከተማው ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ በሚያውቀው ቋንቋ የተሠራ ድረ ገጽ ሁለቱ ሰዎች ወደ ሌላ ሥራ ሲሄዱ ባለቤት ያጣል። ሥራ የሚያሠራ ተቋም በውሉ ላይ ሦስት ነገር ማስገባት ይችላል፦ የስክሪፕቱ ሙሉ ጽሑፍ፣ የዳታቤዙ ግልባጭ በኤስኪውኤል ፋይልና የይለፍ ቃሎቹ በተቋሙ እጅ እንዲሆኑ። ግልባጩም በየጊዜው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ስሞቹ በግዕዝም በቁቤም፣ ሁዻውም ጳጉሜውም በቦታቸው መኖራቸው ይታያል።